በነሐሴ በሞያሌ አድርጎ ናይሮቢ፦ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መኪናውና ስለ ሦስቱ ቢጫ ካርዶች

ጥያቄ፦ «ከሐምሌ 25 ጀምሮ የ12 ቀን ዕረፍት አለኝ። ከባለቤቴ፣ ከ9 እና ከ6 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም ከአሜሪካ ከመጣው ወንድሜ ጋር በራሳችን መኪና ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ደርሰን ልንመለስ አስበናል። መኪናው በፈረንጅ 2008 የተሠራ ቤንዚን ራቭ 4 ነው፤ አውቶማቲክ። መንገዱ አስፋልት ስለሆነ በሁለት ቀን እንገባለን ብያለሁ። የምፈራው ክረምቱን ነው፤ ዝናቡ እስከ ኬንያ ድረስ ይከተለናል? ኬንያ ሞቃት ስለሆነ ልብስ አናበዛም። ቢጫ ካርድ አለን። አንድ ወዳጄ ደግሞ በኦሞራቴ በኩል የቱርካናን ሐይቅ እያያችሁ ሂዱ ይላል። መኪናው ምን ዝግጅት ያስፈልገዋል?»

ምላሽ፦ መንገዱ አስፋልት መሆኑ ልክ ነው። የቀረው ግምትዎ ግን ከሞላ ጎደል ተገላቢጦሽ ነው። ዝናቡ ወደ ደቡብ በሄዱ ቁጥር ይሳሳል፤ ብርዱ የሚጠብቅዎ ኬንያ ውስጥ ነው፤ ሁለት ቀን አይበቃም፤ «ቢጫ ካርድ» የሚባለው ነገር ደግሞ ሦስት ዓይነት ነው።

ከአየሩ ልጀምር። ሐምሌና ነሐሴ የክረምት ወራት የሆኑት ለደጋውና ለመሃል አገሩ ነው። ቦረና የራሱ አራት ወቅት አለው። ዋናው ዝናብ፣ «ገና» የሚሉት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ፣ «ሐገያ» የሚሉት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይዘንባል። እርስዎ የሚያልፉበት ጊዜ አዶሌሳ ይባላል፤ ደረቅ፣ ደመናማና ቀዝቀዝ ያለ ነው። የሰሜን ኬንያም አቆጣጠር ከዚህ አይርቅም። ስለዚህ ዶፉ ከአዲስ አበባ እስከ ሞጆና በስምጥ ሸለቆው ከሰዓት በኋላ፣ ከዚያም በጌዴኦ ኮረብታዎች ከዲላ እስከ ይርጋ ጨፌና ሀገረ ማርያም ድረስ ያገኝዎታል። ከያቤሎ ወዲያ ሰማዩ ይደርቃል። ጉዞዎን ወደ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ቢያዛውሩት ነገሩ ይገለበጣል፤ አዲስ አበባ ሲያባራ ቦረናና ማርሳቢት ይጨቀያሉ።

አስቸጋሪው ነገር የአየሩ መለዋወጥ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሞያሌ ወደ 1,100 ይወርዳል። ከዚያ የዲዳ ጋልጋሉ ጥቁር ድንጋያማ ሜዳ ይመጣል፣ ቀጥሎ ማርሳቢት፤ በረሃ መሃል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ በዚህ ወቅት ጠዋት ጠዋት ጉም የሚሸፍናት ደን ለበስ ተራራ ናት። ከማርሳቢት ወርደው የካይሱት በረሃ ሲገቡ ላይሳሚስና ሜሪሌ ላይ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ከኢሲዮሎ ወደ ቲማው ሲወጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከቆላ ወደ ውርጭ ይሻገራሉ። ናንዩኪ በኬንያ ተራራ ግርጌ 1,950 ሜትር ላይ ናት፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ናይሮቢም በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ የማታይ፣ ከአዲስ አበባ የማትሞቅ ከተማ ናት። የልጆቹ ሹራብና ጃኬት ከሻንጣው ግርጌ ሳይሆን ከላዩ ይሁን፤ በአንድ ቀን ሁለቴ አውልቀው ሁለቴ ይለብሳሉ።

አሁን ወደ መኪናው። የአዲስ አበባ መኪና ብዙ ጊዜ ለአዲስ አበባ ብቻ ተስተካክሎ የሚኖር ነው፤ ጉድለቱን ቅዝቃዜው ይሸፍንለታል። መጀመሪያ የማቀዝቀዣውን ሥርዓት ይመልከቱ። ቴርሞስታቱን (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀውን ቫልቭ) አውጥቶ ራዲያተሩን በቧንቧ ውሃ መሙላት በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ «እንዳይሞቅ» ተብሎ የሚደረግ ነው፤ በከተማው ቅዝቃዜ ጉዳቱ አይታይም። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ግን ቴርሞስታቱ ሲወጣ መተላለፊያው ክፍት ይቀራል፤ የውሃው ከፊል ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሜዳ ላይ ምንም አይልም፤ አምስት ሰውና ጭነት ይዞ ከኢሲዮሎ ወደ ቲማው፣ በመልሱ ደግሞ ከላይሳሚስ ወደ ማርሳቢት ሲወጡ የሙቀት መጠቆሚያው ይነሳል። ስለዚህ ትክክለኛ ቴርሞስታት ያስገቡ፤ የዛገውን ውሃ አፍስሰው ግማሽ ለግማሽ የተበጠበጠ ኩላንት ይሙሉ፤ ቱቦዎቹን በእጅ ጨምቀው የተሰነጠቀውን ወይም ያበጠውን ይለውጡ። የራዲያተር ክዳኑን አዲስ ይግዙ፤ በአሮጌው ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ 0.9 ወይም 1.1፣ በአዲሱም ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ክዳኑ ቀላል ዕቃ ይመስላል፤ ግን ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። መኪናው ከሞቀ ኤሲውን አጥፍተው ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ ዳር ይዘው ይቁሙ፣ ኮፈኑን ከፍተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። የሞቀ ራዲያተር ክዳን በጨርቅ ይዞ መክፈት ፊት ያቃጥላል።

ሁለተኛው ኤሲው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስለማያስፈልግ ጋዙ ካለቀ ዓመት ያለፈው መኪና ብዙ ነው። ያስሞሉት፤ ለሜሪሌ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ለጌዴኦ ዝናብም ያስፈልጋል። አምስት ሰው እርጥብ ልብስ ለብሶ መስኮት ዘግቶ ሲተነፍስ የፊት መስታወቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይታፈናል። በእጅ ወይም በጨርቅ መጥረግ መስታወቱን ከማድብዘዝ በቀር ፋይዳ የለውም። ኤሲውን ከፍተው ሙቀቱን ከፍ ያድርጉ፣ አየሩን ወደ መስታወቱ ይምሩ፣ የውስጥ አየር ማዞሪያውን ቁልፍ ያጥፉ። ኤሲው እርጥበቱን ስለሚያደርቀው መስታወቱ ወዲያው ይጠራል።

ጎማ ላይ ልቆይ፤ በዚህ መንገድ ጉዞን የሚያበላሸው ከሁሉ በላይ እሱ ነው። የጎማው ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 2219 የሚል ከሆነ በ2019 በ22ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ከስድስት ዓመት ያለፈ ጎማ ጥርሱ ደህና ቢመስልም ለበረሃ አስፋልት አይሆንም። የጥርሱ ጥልቀት ደግሞ ለዝናብ ከ3 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ካነሰ ውሃውን ማውጣት ስለማይችል መኪናው በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ መሪው በድንገት ይቀላል፣ ፍሬንም አይዝም። እንዲህ ሲሆን ፍሬን አይርገጡ፤ እግርዎን ከነዳጅ ላይ ያንሱና መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ።

ግፊቱን በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ቁጥር፣ ለሙሉ ጭነት በተጻፈው፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይሙሉ። ብዙ ሰው «በረሃ ስለምገባ ላስተነፍሰው» ይላል፤ ስህተት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 600 ሜትር ሲወርዱ የውጭው አየር ስለሚከብድ ጌጁ ወደ 2.5 ፒ.ኤስ.አይ (የጎማ ግፊት መለኪያ አሃድ) ያህል ቀንሶ ያሳያል፤ የአየሩ ሙቀት ከ15 ወደ 32 ዲግሪ ማደጉ ደግሞ ያንኑ ያህል ይመልሳል። ሁለቱ ይካካሳሉ። ከዚያ በላይ የሚያዩት ጭማሪ በመንዳት የመጣ ነው፤ የጎማው ሠሪ አስቦበታል። የሚፈነዳው አየር ያነሰው ጎማ ነው፤ ጎኑ ሲተጣጠፍ ይግላልና። ማርሳቢት ላይ በብርዱ ጠዋት ሲለኩ አንድ ሁለት ፒ.ኤስ.አይ ጎድሎ ካገኙት ይሙሉት። ስኮርታውንም ይለኩ፤ ዓመት ሙሉ ሳይነካ ኖሮ በችግር ቀን ባዶ ሆኖ የሚገኘው እሱ ነው። ክሪኩ ለስላሳ መሬት ውስጥ እንዳይሰምጥ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ጣውላ ይያዙ።

የዝናብ መጥረጊያዎቹን ከመውጣትዎ በፊት ይለውጡ፤ አሮጌዎቹን ግን አይጣሉ። በበረሃው ፀሐይና አቧራ ደርቀው የሚሰነጠቁት አዲሶቹ ላስቲኮች ናቸው፤ የሚያስፈልጉት ግን በመልሱ ጉዞ ጌዴኦ ላይ፣ እርስዎ ደክመው ሳሉ ነው። ሞያሌ ላይ ላስቲኩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ይፈትሹት። ከደረቅ ቀናት በኋላ የሚመጣ ዝናብ የመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች ከዶፉ ይልቅ ያንሸራትታሉ፤ ዘይትና አቧራው ገና ስላልታጠበ ነው። ከፊትዎ ካለው መኪና ያለዎትን ርቀት በእጥፍ ያርቁ። የፍሬን ዘይቱ ሁለት ዓመት ካለፈው ይለውጡ፤ እርጥበት የጠጣ የፍሬን ዘይት ከቲማው ወደ ኢሲዮሎ በሚወርደው ረጅም ቁልቁለት ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይገባል። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ አይውረዱ፤ ማርሹን ወደ 3 ወይም ወደ 2 አውርደው ሞተሩ ይያዘው።

ስለ ነፋስ ማንም አይናገርም። ከቱርቢ እስከ ማርሳቢትና ወደ ላይሳሚስ ባለው ሜዳ በዚህ ወቅት ከደቡብ ምሥራቅ ኃይለኛ ነፋስ ይነፍሳል፤ ኬንያ ከቱርካና ሐይቅ አጠገብ ሎያንጋላኒ ላይ ትልቁን የነፋስ ኃይል ማመንጫዋን የተከለችው በከንቱ አይደለም። ወደ ደቡብ ሲነዱ ነፋሱ ከግራ ፊት ይገፋዎታል። ከባድ መኪና ሲያልፍዎ ለአፍታ ይጋርድዎትና መልሶ ይመታዎታል፤ መሪውን በሁለት እጅ ይያዙ። ከባዱን ዕቃ ወደ መኪናው ውስጥ ያድርጉ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ቀላሉ ብቻ ይውጣ፣ ሸራው በደንብ ይታሰር።

ነፋሱና ጭነቱ ነዳጁንም ይበላሉ። የመኪናዎ ታንከር 60 ሊትር ነው። ከያቤሎ ሞያሌ 205 ኪሎ ሜትር፣ ከሞያሌ ማርሳቢት 245 ገደማ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ከፈጀ ለ450 ኪሎ ሜትሩ 54 ሊትር ይሄዳል፤ ይህ ለልብ የማይመች ሂሳብ ነው። ግማሽ ሲደርስ ይሙሉ፦ ሀዋሳ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ፣ ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎ። በእኛ በኩል ሰልፍና እጥረት ሊያጋጥም ይችላል፤ የኬንያው ሞያሌ ማደያ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ይገኛል። በጀሪካን ቤንዚን ጭነው ድንበር ለመሻገር አይሞክሩ። ከእኛ ወደ ኬንያ የሚሄደው የኮንትሮባንድ ነዳጅ ስለሚታወቅ ጉምሩክ የሚያየው እንደ ቱሪስት ስንቅ አይደለም፤ ከልጆች ጋር በአንድ መኪና ውስጥ መጫኑም አደጋ ነው። በጀሪካን የሚያዘው ውሃ ነው፦ ለሰው በቀን አምስት ሊትር፣ ለራዲያተሩ ተጨማሪ አምስት።

አሁን ወደ ቢጫ ካርዶቹ። አንደኛው የጤና ነው፤ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ። ኬንያ ከኢትዮጵያ ለሚገባ መንገደኛ ትጠይቃለች፤ ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ሲሆን አንዴ የተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ልጆቹም ያስፈልጋቸዋል። ሁለተኛው የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ነው፤ የመኪናዎ የሦስተኛ ወገን መድን በኬንያም እንዲሠራ የሚያደርግ ሲሆን ከራስዎ መድን ድርጅት ክፍያ ከፍለው የሚያወጡት ነው። የሚሸፍነው በሌላ ሰው ላይ የሚያደርሱትን ጉዳትና የሕክምና ወጪ ነው፤ የራስዎ መኪና ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ አንድ ብር አይከፍልም። ሙሉ ሽፋን ካለዎት ሽፋኑ ወደ ኬንያ እንዲሰፋ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በቃል «ይሠራል» የሚልዎትን አይመኑ። ሦስተኛው የወንድምዎ ሊሆን የሚችለው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ነው፤ ሕዝቡ እሱንም ቢጫ ካርድ ይለዋል። ይህ ካለው ሲመለስ ችግር የለበትም። ከሌለውና በአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ከገባ ግን ሞያሌ ላይ ሲወጣ ቪዛው ያበቃል፤ ድንበሩ ላይ ተነጥሎ ይቀራል። በኢንተርኔት የሚወጣ አዲስ ቪዛም በየብስ በሞያሌ እንደሚያስገባ ከኢሚግሬሽን ሳያረጋግጥ እንዳይነሳ። ወደ ኬንያ ለመግባት ደግሞ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁት ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋችሁም፤ እሱ በአሜሪካ ፓስፖርቱ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ አስቀድሞ በኢንተርኔት ማውጣት አለበት። ድንበር ላይ ደርሶ የሚሞላ ነገር አይደለም።

ለመኪናው ሊብሬ፣ የዘመኑ ቦሎ፣ መንጃ ፈቃድና ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ይያዙ። ከጉምሩክ ኮሚሽን የጊዜያዊ መውጫ ፈቃድ አዲስ አበባ ሳሉ ይጨርሱ። ሊብሬው በእርስዎ ስም ካልሆነ የተረጋገጠ ውክልና፣ መኪናው የባንክ ዕዳ ካለበት የባንኩ የስምምነት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ሞያሌ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የአንድ መስኮት ድንበር ነው፤ የሁለቱም አገር ሠራተኞች መንገደኛው በሚገባበት አገር በኩል አብረው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ሲሄዱ መውጫውንም መግቢያውንም በኬንያ በኩል ይጨርሳሉ። ከኬንያ ጉምሩክ የመኪናውን የጊዜያዊ መግቢያ ወረቀት ሳይቀበሉና ቀኑን ሳያነቡ አይውጡ፤ በየኬላው የሚጠየቁት እሱን ነው። ፌስታል ይዘው አይግቡ፤ ኬንያ ከነሐሴ 2017 በፈረንጅ ጀምሮ ከልክላለች፤ ቅጣቱም ቀልድ አይደለም። ስንቁን በጨርቅ ዘንቢል ያድርጉ። ብር ይዞ መውጣት ገደብ ያለበት ሲሆን ከሞያሌ ወዲያም አይሠራም፤ ሽልንግ በእጅ ይኑርዎት። ፍልሰታ የሚጾም ካለ አይጨነቅ፤ በየመንገዱ በቆሎና ቦሎቄ አብሮ የተቀቀለበት፣ ጊዜሪ የሚባል ምግብ አለ።

ከድንበሩ በኋላ ግራ ይዘው ይነዳሉ። መሪዎ ግራ ስለሆነ የሚቀመጡት በጠርዙ በኩል ነው፤ ከፊትዎ ያለውን ከባድ መኪና ደርበው ለማለፍ ሲፈልጉ ከማዶ የሚመጣውን አያዩም። ርቀትዎን አስፍተው ከኋላ ይቆዩ፤ አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው ያያል፣ ግን ውሳኔው የእርስዎ ብቻ ነው፤ «አዎ፣ ሂድ» የሚለውን ቃል እንዳይናገር አስቀድመው ይስማሙ፤ የሚናገረው «መኪና አለ» ብቻ ይሁን። ስህተት የሚሠራው በተጨናነቀ መንገድ ላይ አይደለም፤ ባዶ መንገድ ላይ፣ ከማደያ ወይም ከማረፊያ ሲወጡ፣ በተለይ ጠዋት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ «ግራ» የሚል ወረቀት ይለጥፉ። አደባባይ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፤ ቅድሚያው ከቀኝ ለሚመጣ ነው። ልጆቹ የሚወርዱት በግራው በር ብቻ ይሁን፤ የቀኙን የልጅ መቆለፊያ ይዝጉት፤ ቀኙ አሁን የመኪና መንገድ ነው። በከተሞች ወሰኑ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው፤ ምልክት የሌለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታም ብዙ ነው። የሰዓት አቆጣጠሩ ግን አያደናግርዎ፤ ስዋሂሊ ተናጋሪ «ሳ ሞጃ» ሲልዎ እንደ እኛው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ከነገረዎት ብቻ ስድስት ይቀንሱ።

ማታ አይነዳም። ይህ ምክር ሳይሆን ገደብ ነው። የፊት መብራትዎ ለቀኝ መንገድ የተቀረጸ ስለሆነ ኬንያ ውስጥ የሚያበራው ከማዶ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ነው። ግመል ደግሞ እግሩ ረጅም፣ ገላው ከኮፈኑ በላይ ነው፤ ሲመታ የሚያርፈው በፊት መስታወቱ ላይ፣ በእናንተ ላይ ነው። ማርሳቢት አካባቢ ጉም ሲያጋጥም ረጅም መብራት አያብሩ፤ ብርሃኑ ተመልሶ ያሳውራል። አጭሩን አብርተው ፍጥነትዎን ማየት ከሚችሉት ርቀት ጋር ያስተካክሉ። ጉሙ አብዛኛውን ጊዜ ረፋዱ ላይ ስለሚገፈፍ ቁርስ በልቶ መጠበቅ ይሻላል።

የኦሞራቴውን ሐሳብ ይተዉት። ከኦሞራቴ ማዶ ባለችው የኬንያ መንደር በኢለሬት በኩል መግቢያ ማኅተም የሚመታ የኢሚግሬሽን ጽሕፈት ቤት ስለሌለ በሕጋዊ መንገድ መግባት የራሱ ጣጣ አለው። መንገዱ አሸዋና ደረቅ ወንዝ ነው፤ እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጠርቶ ሳለ ላይኛው ተፋሰስ ላይ የዘነበ ዝናብ ደረቁን ወንዝ በደቂቃዎች ይሞላዋል። ሁለት ሙሉ ፎር ዊል ድራይቭ፣ ልምድ ያለው መሪና ለቀናት የሚበቃ ነዳጅ ላለው እንጂ ልጆች ለጫነ አንድ ራቭ 4 አይሆንም።

አንድ ነገር ግን ከአየሩም ከመኪናውም ይበልጣል፤ ጸጥታው። ከሀገረ ማርያም እስከ ያቤሎ ያለው የጉጂ መስመር ባለፉት ዓመታት የታጣቂዎች እንቅስቃሴ ሲታይበት የቆየ ነው፤ በማርሳቢት በኩልም የጎሳ ግጭት የሚያገረሽበት ጊዜ አለ። የሳምንት ዜና አይበቃም። ሀዋሳ ላይ ሌሊቱን፣ ዲላ ላይ ጠዋት፣ በዚያው ቀን ከሞያሌ የመጡ የአይሱዙና የአውቶቡስ ሾፌሮችን ይጠይቁ። እነሱ ካልሄዱ እርስዎም አይሂዱ። ለብቻዎ ባዶ መንገድ ላይ መሆንዎን ካስተዋሉ የመጨረሻው ከተማ ድረስ ተመልሰው ይጠይቁ።

ጊዜውን እንዲህ ያስሉ። አዲስ አበባ እስከ ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ እስከ ባቱ በክፍያ መንገዱ ይሄዳሉ፤ ዝናቡ ከሰዓት ስለሚበረታ ማልደው ይውጡ። በሁለተኛው ቀን ሀዋሳ እስከ ያቤሎ 295 ገደማ ነው፤ በጌዴኦ መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ሰው የበዛበትና እርጥብ ስለሆነ ከዚህ በላይ አያቅዱ። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ከያቤሎ ተነስተው ሦስት ሰዓት ላይ ሞያሌ ይድረሱ። ጉዳዩ እስከ ሰባት ሰዓት ካለቀ ማርሳቢት በብርሃን ይገባሉ፤ ከሰባት ተኩል ካለፈ ሞያሌ ይደሩ፤ እዚህ ላይ አይደራደሩ። በአራተኛው ቀን ማርሳቢት እስከ ናንዩኪ 340 ገደማ፣ በአምስተኛው እስከ ናይሮቢ 200 የማይሞላ ነው። ደርሶ መልሱ አሥር ቀን መንዳት፣ ሁለት ቀን ናይሮቢ ማለት ነው፤ ልጆቹ የሚያስታውሱት የኋላ ወንበሩን ይሆናል።

ስለዚህ በ12 ቀን ናይሮቢን አልመክርም። ናንዩኪ ላይ ይመለሱ። አራት ቀን መሄጃ፣ አራት ቀን መመለሻ፣ አራት ቀን ይተርፋል፦ አንዱ በማርሳቢት ደን፣ አንዱ ከአርቸርስ ፖስት አጠገብ ባለው ሳምቡሩ ጥብቅ ቦታ፣ ሁለቱ የምድር ወገብ መስመር በሚያልፍባት በናንዩኪ። ናይሮቢ የግድ ከሆነ በአውሮፕላን የሁለት ሰዓት መንገድ ናት፤ መኪናው ቤት ይቅር። በመልሱ ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀኖች የጉዞው አደገኛ ቀኖች እንደሆኑ ይቁጠሩ፤ ከበረሃ የወጣ ጎማ፣ የደከመ ሾፌር፣ የአገሩ መንገድ መሆኑ ያዘናጋው ሰው፣ ከግራ ወደ ቀኝ የተመለሰ ልማድ፣ የነሐሴ ዶፍ፤ ሁሉም እዚያ ይገናኛሉ። ጌዴኦን ጠዋት ይለፉት፤ ቶሎ ቤት ለመድረስ ብለው ሁለቱን ቀን አንድ አያድርጉ።

በዚህ ሳምንት ከጋራዡ በፊት የሚሄዱበት ቦታ የክትባት ጣቢያው ነው፤ አሥሩ ቀን ከዚያ ይቆጠራል። በማግስቱ ወደ መድን ድርጅትዎና ወደ ጉምሩክ ይሂዱ። ቴርሞስታትና ጎማ ግን ከመውጫው ቀን ቢያንስ ሳምንት ቀድመው ይለወጡና መኪናው ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ደርሶ ይመለስ፤ የላላ ማሰሪያ ካለ እዚያ ያፍስስ።